በር ላይ ቆመው የሚሸኙት

ዱባይ፣ መስከረም 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእናቴ እህት ልጅ፣ ለወንድሜ ለአያ ደሳለው፣

እኔ አሰላሙ አለይኩም ብዬ እጀምራለሁ፣ አንተ እንደ ልማድህ እግዚአብሔር ይመስገን ብለህ ተቀበለኝ። አዲሱ ዓመት እንዴት ገባላችሁ? አባባስ ጉልበቱ እንዴት ነው? ይህን ስታነብለት ከፍ አድርገህ አንብብ። ስልክ እንደሆነ ጆሮው አይቀበለውም፤ ቢቀበለውም ወረቀት በእጁ ካልያዘ የልጄ ቃል ነው ብሎ አያምንም። በኢሜይል ዘመን መንገደኛ እየለመንኩ ደብዳቤ የምልከው ለእሱ ስል ነው።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከክፍል ጽዳት አንሥተው የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ አስቀምጠውኛል። እዚያ ተቀምጬ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እንግዳ ማደሪያውን የሚመርጠው ገና ከቤቱ ሳይወጣ መሆኑን ነው። ፎቶ ያያል፣ ሌሎች የጻፉትን ያነባል፣ ከዚያ ይደውላል። ለኛ ለኑር ፔንሲዮን ዌብሳይት የሠራሁለትም ለዚህ ነበር። ግን ማንም አይደውልም አልከኝ። አጠገባችን ያ ባለ ፎቅ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ ክፍሎቹ ባዶ ያድራሉ አልከኝ። አባባ ቤቱን ሸጦ ደሴ አክስቴ ከድጃ ዘንድ እንዲገባ የሚመክሩት እንዳሉም ሰምቻለሁ። ያንን በር ከተወ አባባ ምን ይሆናል?

እውነቱን ልንገርህ፣ ገጹን ያበላሹት ያንተ ፎቶዎች ናቸው። ሰው አልጋ ሳያነጥፍ ፎቶ ያነሣል? ሰማያዊው ጆግ በየክፍሉ አብሮ ተነሥቷል። እባክህ አዲስ አንሥተህ ላክልኝ። ደግሞ እንግዶቻችን ከኛ ቤት የሚወዱት ምን እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚታየው እሱ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ለሮመዳን እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ።

እህትህ መዲና ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእታለም መዲና፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አባትሽ ወረቀትሽን ደጋግመው አስነብበውኝ ጉሮሮዬ ደርቋል። አሁን ትራሳቸው ሥር ናት።

የሰደብሽኝን ተቀብያለሁ። ጆጉ ግን የኔ ጥፋት አይደለም፤ ውሃ በሄደ ቁጥር እንግዳው ፊቱን በምን ይታጠብ? እኔም የምልሽ አለኝ። ደሴ ወጥቼ ሰኞ ገበያ አካባቢ ካለ ኢንተርኔት ቤት ገጽሽን ከፍቼ ነበር። ያ የለጠፍሽው ትልቅ ሰማያዊ ሰማይ እስኪመጣ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ይህን ያህል የሚታገሥ ሰው ገዳም እንጂ ፔንሲዮን አይገባም። ሥዕሉን አሳንሺው። ስልካችንንም ከታች ደብቀሽዋል፤ ወደ ላይ አውጪው።

እንግዳ ምን ይወዳል ላልሽው፣ አልጋችንን አይወዱም። ይጮሃል። የሚወዱት አባትሽን ነው። አንቺ ልጅ ሳለሽ እንደሚያደርጉት ነው ዛሬም የሚያደርጉት፤ እንግዳ በማለዳ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ቀድመው በሩ ላይ ይጠብቁትና እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጉለታል። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረም ቢሆን፣ ፋብሪካ ሊተክል የመጣ ቻይናም ቢሆን አይለዩም። የጅቡቲ ሾፌሮች ያለዚያ ሞተር አያስነሡም።

ያንን ፎቶ ላንሣ ብላቸው ተቆጡኝ። "ዱአ ገበያ ታወጣብኛለህ?" አሉ። ለመዲና ነው አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ራሳቸው መጡና፣ "ያየው ሁሉ አሚን ይበል። በዚህ ከተስማማን አንሣ" አሉኝ። ይኸው ልኬልሻለሁ።

ትንሽ ያስላቸዋል። ደሴ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። አብሽሪ።

ወንድምሽ ደሳለው


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለአያ ደሳለው፣

አላህ ጤና ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ። ፎቶውን ሳየው ተቀመጥኩ። አብራኝ የምትሠራው ህንዳዊት ማን ነው አለችኝ፣ አባቴ ነው አልኳት፤ አሚን በይ ስላት እጇን ዘርግታ አሚን አለች። ለአባባ ንገረው።

ሰማዩን አጥፍቼ እሱን ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ። ከሥሩ፣ "ሲሄዱ በር ላይ ቆመው ይሸኙዎታል፤ አሚን ይበሉ" ብዬ ጻፍኩ። ፎቶዎቹን በሙሉ አሳንሻለሁ፣ ስልኩንም አናቱ ላይ አውጥቼዋለሁ። አሁን ደሴ ሄደህ ክፈተውና ብታማ እሰማሃለሁ።

አንድ ሌላም ነገር ጨምሬበታለሁ፦ እንግዶች አስተያየት የሚጽፉበት ቦታ። ማንም ሲጽፍ ወዲያው ገጹ ላይ ይወጣል፣ ለእኔም መልእክት ይደርሰኛል። ሰው ከእኛ ይልቅ እንግዳ የጻፈውን ነው የሚያምነው። ጸጋው የሚባል የመንገድ ቀያሽ ቀድሞ ጽፏል፦ "አልጋው ይጮሃል። ለሽማግሌው ስል ግን እመለሳለሁ" ይላል። አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። እንግዳ በወጣ ቁጥር ጻፉልን በላቸው።

የአባባ ሳል ለቀቀው ወይ? ይህን ሳትጽፍልኝ እንዳትዘጋ።

መዲና


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 5 ቀን 2003 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

መዲና፣

ሰላምታውን ዛሬ አልቻልኩበትም። አባትሽ ትናንት ዐርብ ደሴ ሆስፒታል አርፈዋል። ሳሉ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ፣ ሾፌሮቹ መኪኖቻቸውን መንገድ ዳር አቁመው ተከትለው ነበር።

ከቀብር መልስ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አክስትሽ ቤት ተቀመጥን። ለመዲና ልጻፍ አልኩ። እቴቴ ከድጃ ቀና ብለው አዩኝና እንዲህ አሉ፦ "መርዶ በወረቀት ይላካል እንዴ? በስልክስ ይነገራል? ልጅቷ ሰው አገር አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ናት። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ስትመጣ ሽማግሌ አስቀምጬ በማለዳ አስረዳታለሁ። እስከዚያ አፉን የከፈተ ዘመዴ አይደለም።" ወደ ዱባይ የምትመለሰውን የጎረቤት ልጅም ቁርአን አስይዘው አስማሏት።

ልክ ናቸው። እኔም ብሆን ሌላ አልልም ነበር። ይህን የጻፍኩት እጄ ይጽፈው እንደሆነ ልየው ብዬ ነው፤ ጻፈው። አልልከውም።

አላለቀስኩም። ሁለት ክፍል እንግዳ ነበረን፣ አንሶላ መቀየር ነበረብኝ፤ ቀየርኩ።

ደሳለው


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእታለም መዲና፣

እንደምን ሰነበትሽ። ሁላችንም ሰላም ነን።

ገጽሽ ሠርቷል። ስልኩ ይጮሃል። ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከናይሮቢ ተደወለልን። ያደረግሽው ሁሉ ጥሩ ነው፣ አሁን ምንም አትንኪበት።

አባትሽ ለሕክምናው እንዲመቻቸው ደሴ፣ አክስትሽ ዘንድ ተቀምጠዋል። አታስቢ። ሥራ ስለበዛብኝ በዚህ ላብቃ።

ደሳለው


ዱባይ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለአያ ደሳለው፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያለች አጭር ደብዳቤ የላክህልኝ? ሳትሰድበኝ ደብዳቤ ዘግተህ አታውቅም። ወይስ ሰዉ ከበዛ ወዲህ ሥራ አስኪያጅ ሆንህብኝ?

ደሴ የሚሉት ነገር አልገባኝም። ለሚያስለው ሰው ኮምቦልቻ ሙቀቱ አይሻልም? የሆጤን ጉም አንተም ታውቀዋለህ። ለአባባ ወፍራም ሹራብ ልኬያለሁ፣ ቡናማ ነው። ለብሶት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ገጹም ፎቶው ቢቀየር አይከፋም፣ ሰው አዲስ ነገር ሲያይ ይመለሳል።

ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዱአውን በሞባይልህ ቅዳልኝ። ድምፁን ገጹ ላይ አስገባዋለሁ፤ የከፈተው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። እስቲ ይህ ያለው ፔንሲዮን የት አለ? ባለ ፎቁ ሆቴልስ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ፎቶውንና ድምፁን እጠብቃለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሮመዳን ሩቅ አይደለም፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

መዲና


ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 25 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእታለም መዲና፣

እንደምን ከረምሽ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ሞባይሌ ድምፅ መቅዳት እምቢ ብሎኝ ነው። ሹራቡ ደርሷል፣ እቴቴ ከድጃ ተቀብለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል።

እንግዳ አልጠፋም። ነገር ግን የሚመጣው ሁሉ ፎቶውን አይቶ ነው የሚመጣው። በማለዳ ሻንጣውን ይዞ ይወጣና በሩ ላይ ይቆማል፣ ይጠብቃል። ዝም ብሎ መሸኘት ሲያሳፍረኝ ጊዜ እኔው መቆም ጀመርኩ። እጄን ዘረጋሁ፤ ዱአውን ግን ከየት ላምጣው? አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት። ሰውየው የአሳይታ ሾፌር ነው፣ እጁን ዘርግቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝና አሚን ብሎ ሄደ። አሁን ሁልጊዜ እንደዚያው ነኝ። ብትስቂብኝ አልቀየምሽም።

ያ ጸጋው የሚሉት ቀያሽ በቀደም ተመልሶ መጥቶ ነበር። እንዳለው መጣ። አድሮ ሄደ።

ለሮመዳን መምጣትሽን አትተይ። ክፍልሽን አስጠርጌዋለሁ። አክስትሽም መንገድ መንገድ እያዩ ነው።

ደሳለው


ዱባይ፣ መስከረም 28 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለአያ ደሳለው፣

ሰላም ለሁላችሁ። ለሮመዳን አልተሳካልኝም፣ ኮንትራቱ አልፈቀደም። ዒዱን እዚሁ ዋልኩ።

ገጹን አስተካክያለሁ። ጽሑፉን አጉልቼዋለሁ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቤት የሚያመጣውን መንገድም በካርታ አሳይቻለሁ። አሁን በስልክም በቀላሉ ይከፈታል። ፎቶና ድምፅ ያልኩህን ተወው፣ ያለው ይበቃል። የአልጋዎቹን ብሎን አጥብቅ፣ እንግዶች ይጮሃል ይላሉ።

መዲና


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለመዲና፣

እንደምን አለሽ። ደብዳቤሽን ወደፊትም ወደኋላም አነበብኩት። ስለ ካርታ አለ፣ ስለ ብሎን አለ። ስለ አባትሽ አንዲት ቃል የለም። አባትሽን ሳትጠይቂ ደብዳቤ ዘግተሽ የማታውቂ ልጅ! ሰው አገር ሲቆይ እንዲህ ይሆናል ማለት ነው? ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ፤ ስትመጪ ትቀጪኛለሽ።

እቴቴ ከድጃ ታመዋል። ዐይናቸው ደክሟል፣ አልጋ ይዘዋል። ደሴ በወጣሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "መዲና ጽፋለች? ወንድሜን ጠየቀችው?" አዎ፣ ጉልበቱን ሳሙልኝ ብላለች አልኳቸው። ዋሸሁልሽ። ባለፈው እሑድ ደግሞ እጄን ይዘው፣ "ሳላያት ከሄድኩ ይህን ነገር ይዤው ልሄድ ነው" አሉኝ። የትኛውን ነገር እንደሆነ አትጠይቂኝ። ነይ ብቻ።

ደሳለው


ዱባይ፣ ጥር 10 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለአያ ደሳለው፣

የአላህ ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ለብቻህ አንብበው።

አውቃለሁ። ሰኔ ላይ፣ ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ነው ያወቅሁት። ሥራ ላይ ነበርኩ። ከገጹ መልእክት መጣልኝ፣ የጸጋው ነው። እንዲህ ይላል፦ "እንዳልኩት ተመለስኩ። ሽማግሌውን አጣኋቸው፣ የካቲት ላይ አርፈዋል አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር። ባለቤቶቹን አላህ ያጽናችሁ። አልጋው አሁንም ይጮሃል።"

ከፊቴ አንድ እንግዳ ቁልፉን ይጠብቅ ነበር። ሰጠሁት። መልካም ቆይታ አልኩት። ከዚያ ጽሑፉን ከገጹ አነሣሁት፣ ሌላ ዘመድ መርዶውን በዚያ እንዳይረዳ ብዬ ነው። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ጻፉልን ያልናቸው እኛ ነን።

አያ ደሳለው፣ አላለቀስኩም። ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። በማግስቱም ሥራ ገባሁ። ማንም ያልነገረኝን ነገር እንዴት አለቅሳለሁ? የምትይዘኝ ሴት የለች፣ በሩን ከፍቶ የሚገባ ጎረቤት የለ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ለእንግዳ ፈገግ እላለሁ። ሥራ ሳልገባ ደግሞ ገጹን እከፍትና አባቴን አየዋለሁ፣ አሚን እላለሁ። ሮመዳን ያልመጣሁት ኮንትራት ከልክሎኝ አይደለም። ከመጣሁ ትነግሩኛላችሁ። ካልመጣሁ አባባ ደሴ ነው፣ ሹራብ ተልኮለታል።

መጀመሪያ ተቆጥቼባችሁ ነበር። ደብዳቤህን ሳወጣ ሳገባ ቆየሁ፣ የካቲት የጻፍከውን፣ አትንኪበት ያልከኝን። እዚያ ሆኜ ቢሆን እኔም ለሰው እንዲያው አደርግ ነበር። አሁን ቁጣውም የለም።

የምመጣው ስለ አክስቴ ነው። ይህን ነገር ይዛው አትሂድ። ግን እንደማውቅ አትንገራት፣ ይህንን አደራ እልሃለሁ። እንደማታውቅ ልጅ ሆኜ እመጣለሁ። ወጉን ሳታጎድሉ አድርጉት። ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ፣ በማለዳ ቀስቅሱኝ፣ ንገሩኝ። ለአክስቴ ብቻ ብዬ አይደለም። ለእኔም ሰው ይንገረኝ።

ገጹን ያኔ እቀይራለሁ። የጸጋውንም ጽሑፍ ቦታው እመልሰዋለሁ። እስከዚያ ግን አባባ በሩ ላይ ነው።

የካቲት አጋማሽ ላይ ነኝ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እመጣለሁ።

መዲና


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእታለም መዲና፣

እግዚአብሔር በሰላም ያምጣሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ እሳት ውስጥ ጨመርኩት፣ እቴቴ ከድጃ ዘንድ እንዳይደርስ ነው። እሳቸው ትመጣለች ስላቸው ከአልጋ ተነሥተው ቤት እያስጠረጉ ነው።

ሁሉም ተዘጋጅቷል። የሰፈሩ ሸህ ይመጣሉ፣ ከኩታበር የእናትሽ አጎት ቄስ ጋሹም ይመጣሉ። አክስትሽ ቤት ስትገቢ ማንም አይነግርሽም፣ እራት በልተሽ ትተኛለሽ። ሲነጋ ነው።

አውቶቡሱ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲቆም አትውረጂ። እኔ እገባና አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ አብረን ደሴ እንወጣለን። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ስለ አባትሽ ትጠይቂኛለሽ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ የሆጤ ሰው አይጠፋምና ነገሩ እንዳይነቃብን። ደህና ናቸው፣ ይጠብቁሻል እልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ብንል ይሻላል፣ እኔም ብዙ አልችልም።

የአልጋዎቹን ብሎን አጥብቄያለሁ። ከሰፈሩ ሸህ ዱአውን እየተማርኩ ነው፣ ገና አፌ ላይ አይቀናም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ከኋላሽ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ። አክስትሽ ጎረምሳ ይሁን ብለው ነበር፣ እምቢ አልኩ። ከኋላሽ የምቆመው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ደሳለው